ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ባቡር

አባቴ «ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ቁም፤ መንገዱ አይሸሽህም» ይል ነበር። በስደት የምኖርበት ዋይት ሴንተር የሚባለው ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ የትንንሽ ባቡሮች ኤግዚቢሽን ነበር፤ እኔም በእጄ የሠራኋትን ባቡር ይዤ ሄድኩ። ሐዲዱ ዳር ከካርቶን የሠራኋትን ቤተ ክርስቲያን አስቀመጥኩ። ባቡሬ እዚያ በደረሰች ቁጥር አቆማታለሁ፤ አማትቤ፣ «አቤቱ ማረን» ብዬ እለቃታለሁ። ለካስ ሐዲዱ የጋራ ነው! የሌሎቹ ተሳታፊዎች ባቡሮች ከኋላዬ ተሰለፉ።

አስተባባሪዋ መጣች። «ሰር፣ ባቡርህ ተበላሽታለች?»

«ኖ፣ ደህና ናት። እየተሳለመች ነው» አልኳት።

አልገባትም። «ኦኬ፣ አንድ ጊዜ ደግማ ከቆመች ግን ከሐዲዱ አነሳታለሁ» አለችኝ።

ክረምቱን ሙሉ የለፋሁባት ባቡር ናት። በዚህኛው ዙርስ ዝም ብዬ ልለፍ ብዬ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ስትደርስ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ አቆምኳትና አማተብኩ። አስተባባሪዋ ልታነሳት እጇን ስትሰድ፣ ከኋላዬ ያለውን ባቡር የሚነዳ አንድ የማላውቀው ነጭ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀና «ተያት» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ቀስ ብለህ ጸልይ፤ ከመጨረስህ በፊት ግን የእኔንም ባቡር በጸሎትህ ጨምርልኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሞተሩ እያስቸገረኝ ነው።»