ሳንደግመው የቀረ ቃል

የተከበራችሁ የጋሼ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶቹ፣ የቅየሳ ክፍል ባልደረቦቼ፤ እንዳጽናናችሁ ከሆነ ያቆማችሁኝ፣ ይቅርታ። እኔ ራሴ ገና አላመንኩም።

ማክሰኞ ሐኪሙ፣ «ዕጢው ከስሟል፣ መድኃኒቱ ሠርቷል» አለው። ሐሙስ ጠዋት የቅየሳ መሣሪያውን እንደተሸከመ ከቢሯችን ደረጃ ላይ ወደቀ። ካንሰሩ አይደለም የገደለው። ስሙኝ፤ ካንሰሩ አይደለም!

ጋሼን «አባ ድገም» ያልነው ለምን ነበር? እኔ ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ሰሞን ነው። እሱ መሣሪያውን እያየ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጠራ። ጻፍኩ። ቀጣዩን ሳይጠራ ቀና ብሎ አየኝ።

«ቀጥል እንጂ ጋሼ!»

«ድገምልኝ።»

«ሰማሁህ እኮ!»

«መስማትህን በምን አውቃለሁ? ያልተደገመ ቁጥር አልተሰማም። አንተ የሳትካት አንዲት ቁጥር ሁለት ጎረቤት በወሰን ታፋጃለች፣ ምሁሩ!»

ደገምኩ። «ልክ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሕጋችን ይኸው ሆነ፤ ሠላሳ ዓመት። የተጠራ ይደገማል።

ባለፈው ወርስ? በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይኑን መሣሪያው ላይ እንዳደረገ፣ እንደቆመ እንቅልፍ ወሰደው። ሳቅን። ሾፌራችን፣ «አባ ድገም፣ ሕልምም ይለካል እንዴ?» አለው። እሱም ሳቀ። ከዚያ ዛሬ አለቃው ወደሆንኩት ወደ እኔ ዞረ።

«አለቃ፣ ደክሞኛል። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ብተኛም ድካሙ አይለቀኝም። ለጥቂት ጊዜ ቢሮ አስቀምጠኝ።»

እኔ ምን አልኩ? «ያልደከመው ማን አለ?» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት።

ሚስቱ ለሐኪሙ እንዲነግር ለመነችው። «ካንሰር ይዞኝ ስለ እንቅልፍ ላልቅስ? ይስቁብኛል» አላት። ሐኪሙስ? ስለ ሕመሙ ጠየቀ። ስለ ማስመለሱ ጠየቀ። «እንቅልፍስ?» ያለው ማን ነው? ማንም! አንዲት ጥያቄ ናት እኮ! ስንት ደቂቃ ትፈጃለች?

እህቴ፣ አንቺ ሚስቱ፣ ትናንት አስከሬኑ አጠገብ «ዛሬ ገና ተኝቶ አየሁት» ስትዪኝ የምገባበት ጠፋኝ። እናንተም «አሁንስ ዐረፈ» እንዳትሉኝ። ሰው በሕይወቱ የለመነውን ዕረፍት በሬሳ ሣጥን አይሰጡትም።

ጋሼ፣ ዘግይቻለሁ። ግን ሕጋችን ነውና ልድገም።

«ደክሞኛል» ብለሃል።

«እንቅልፍ የለኝም» ብለሃል።

«ቢሮ አስቀምጠኝ» ብለሃል።

ደገምኩ፣ ጋሼ። አሁን «ልክ» የሚለኝ የለም።

ደህና ሁን።