የአባ ወስፌ ደጅ

የወጣውንና የገባውን ሁሉ የሚያውቅ፣ ዘመንን የሚከፍትና የሚዘጋ እግዚአብሔር በፈቀደው በአንድ የነሐሴ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሽሮ ሜዳ፣ በጡረተኛው በመሪጌታ ይኄይስ ቤት፤ እንግዳቸው እታፈራሁ ክፍት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትለምናቸዋለች።

መሪጌታ፦ አይሆንም አልኩሽ፣ ልጄ። ሰው አንድ ጊዜ ቢለምን ወግ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢለምን ችግር ነው፤ ሦስተኛው ግን ክስ ይመስላል።

እታፈራሁ፦ እንግዲያው ከሳሽ ይበሉኝ። ከቀበና እዚህ ድረስ በዚህ ዝናብ የመጣሁት ተከሳሹን ሳላገኝ ለመመለስ አይደለም።

መሪጌታ፦ ተከሳሹ ማን ነው?

እታፈራሁ፦ አባ ወስፌ።

መሪጌታ፦ አባ ወስፌ አሻንጉሊት ነው። ከቅል የተሠራ ጃርት! ቅል ደግሞ ችሎት አይቆምም።

እታፈራሁ፦ ቅሉማ ምን አፍ አለው? በቅሉ ውስጥ የሚናገሩት እርስዎ ነበሩ። ቅዳሜ ሲመሽ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ በልጅ ይሞላ ነበር። ያን ድምፅ የማያውቅ ልጅ በሰፈራችን አልነበረም።

መሪጌታ፦ ያ ሁሉ ልጅ ዛሬ መላጣውን በባርኔጣ ይሸፍናል። ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው። ደግሞስ በፍልሰታ ጾም፣ በሱባዔ፣ ጃርት አስነሣ ትይኛለሽ?

እታፈራሁ፦ ጃርት ይብሉ አላልኩም፤ ይናገሩ ነው ያልኩት።

መሪጌታ፦ ምላስሽስ ቢሆን ከጃርት አያንስም። እሺ፣ ዛሬ ሁሉ ነገር በስልክ አለ ይሉ የለም ወይ? የልጅ ልጄ በጣቷ ነካ ባደረገችው ቁጥር የዓለም አይጥና ድመት ይራወጥላታል። ከዚያ ፈልጊው።

እታፈራሁ፦ ፈልጌ ነው የመጣሁት። ተከፍሎበት የሚታየውንም፣ በነፃ የሚታየውንም አንድም ሳላስቀር ገባሁበት። የፈረንጁ ድብ አለ፤ የሩቅ ምሥራቁ ልጅ አለ፤ ዓሣ አለ፤ ባቡር እንኳ አፍ አውጥቶ ይናገራል። “ጃርት” ብዬ ብጽፍ፣ “ምናልባት ይህን ፈልገው ይሆናል” ብሎ የፀጉር ብሩሽ አሳየኝ።

መሪጌታ፦ ብዙም አልራቀ። ከጣቢያውስ ጠየቅሽ?

እታፈራሁ፦ ጠየቅሁ። የድሮውን ካሴት የሚያስታውስ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ። “በዚያን ጊዜ የካሴት እጥረት ስለ ነበረ በላዩ ላይ ሌላ ተቀርጾበታል” አለኝ።

መሪጌታ፦ የእርሻ ትምህርት ነው የቀረጹበት።

እታፈራሁ፦ ያውቃሉ?

መሪጌታ፦ እንዴት አላውቅ? ባለቤቴ ዓለሚቱ በሰማች ጊዜ፣ “አባ ወስፌን ማዳበሪያ አደረጉት” ብላ ስቃ ነበር። ስቃ ስቃ ስታበቃ ግን እንጀራ አልበላችም። እኔም ጸሐፊዎቻችንን እያነሣሁ አጽናናኋት። ብራና ሲቸግር፣ የቀድሞውን ጽሕፈት ፍቀው በላዩ ይጽፉ ነበር። ብራና ግን ምሕረት ያውቃል፤ ወደ ብርሃን ቢይዙት የታችኛው ፊደል ጥላው ይታያል። ካሴት ጥላ እንኳ የለውም።

እታፈራሁ፦ እኛ ቤት ግን አንድ ነበረ። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቅዳሜ ከቴሌቪዥን ላይ የቀረጹት። ወንድሜ አስናቀ የሚኖረው በእርሱ ነበር። ጢሙ ሸብቷል፣ መሪጌታ፤ ልቡ ግን ያኔ ቅዳሜ ማታ ከተቀመጠበት ምንጣፍ ላይ አልተነሣም። እንዲሁ ነው የተፈጠረው።

መሪጌታ፦ እግዚአብሔር ያወቀውን ፈጠረ።

እታፈራሁ፦ ቅዳሜ ሲመሽ የግቢውን በር ወለል አድርጎ ይከፍታል። ካሴቱን አሳየዋለሁ። እመት ቆቅ ትጠይቃለች፤ አባ ወስፌ በየጫካው የቀሩትን በየስማቸው ጠርቶ ያስገባና “በሩን ዝጉ” ይላል። ያን ጊዜ አስናቀ ተነሥቶ በሩን ይዘጋል፤ ይተኛል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው። ሰኔ ላይ ግን ማጫወቻው ካሴቱን በላው። እንደ ፈትል ተርትሮ በላው።

መሪጌታ፦ እህ። “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” የሚሉት እውነት ነው።

እታፈራሁ፦ እውነት ነው፤ ካሴት ግን ለቀቀው። ደግሞ ወንድሜን ሞኝ ሲሉት ስልኩ ክፍት መሆኑን አይርሱ።

መሪጌታ፦ ይህ ስልክ?

እታፈራሁ፦ ስገባ ነግሬዎት ነበር እኮ። ድምፄን ካልሰማ ስለሚጨነቅ ከቤት ስወጣ አልዘጋውም። ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ በዚያ በኩል ስልኩን ይዘውለት፣ አብረውት ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

መሪጌታ፦ ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ አስናቀ። ተረት ነው፤ ተረት ደግሞ አድራሻ የለውም።

እታፈራሁ፦ ይቅር ብሎዎታል። እርሱ ቂም አያውቅም፤ የሚያውቀው በር ነው።

መሪጌታ፦ ታዲያ በሩን አንቺው አትዘጊውም?

እታፈራሁ፦ ዘጋሁት እንጂ። እስኪነጋ አለቀሰ። ተኛልኝ ብዬ ስዘጋው ተነሥቶ ይከፍተዋል። “ገና ነው፤ አልጠራም” ይለኛል። በሐምሌ ዝናብ ደጅ ተቀምጦ አድሮ ደረቱን ታመመ። እርሱ በታመመበት ሰሞን ደግሞ ክፍት በር ያየ ሌባ ገብቶ የጎረቤቶቼን የጋዝ ሲሊንደር ይዞ ሄደ። ግቢው የጋራ ነው።

መሪጌታ፦ ጎረቤቶቹ ምን አሉ?

እታፈራሁ፦ ትናንት ተሰብስበው ጠሩኝ። “ነገ ማታ በሩ ካልተዘጋ፣ ወይ እርሱን ወደሚጠብቁት ቦታ ውሰጂው፣ ወይ ቤቱን ልቀቂ” አሉኝ።

መሪጌታ፦ ጨካኞች!

እታፈራሁ፦ አይደሉም። ሁለት ወር ታገሡን። ሲነግሩኝም መሬት መሬት እያዩ ነው። ሰው ሲደክመው ነው ጨካኝ የሚመስለው። እኔስ ራሴ፣ መሪጌታ… አንዳንዴ አውቶብስ ውስጥ ተቀምጬ “ቢወስዱትስ?” እላለሁ። ከዚያ መውረጃዬ ያልፈኛል።

መሪጌታ፦ ስልኩ ክፍት ነው አላልሽም?

እታፈራሁ፦ ይህን በአውቶብሱም በቤቱም ነግሬዋለሁ። “መውረጃሽ አለፈ?” ብሎ ነው የሚጠይቀኝ።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ አታስጨንቂኝ። ባለፈው ዓመት፣ ፊልም በስልክ የሚያሳይ ድርጅት አለኝ ያለ ጎልማሳ እዚሁ ወንበርሽ ላይ ተቀምጦ ነበር። “ካሴቱ ቢጠፋም ጃርቱን በኮምፒውተር እናስነሣዋለን፤ ድምፅዎን ማሽኑ ያጠናዋል” አለኝ። “ማሽኑ ከማን ጋር ይነጋገራል?” አልኩት። “ከራሱ ጋር” አለ። ከራሱ ጋር የሚነጋገረውን እኛ ጠበል እንወስደዋለን ብዬ ሸኘሁት።

እታፈራሁ፦ እኔ ማሽን አልያዝኩም። የምለምንዎት አንዲት ቃል ነው።

መሪጌታ፦ አንዲት ቃል አይደለችም፤ ሁለት ሰው ናት። አባ ወስፌ ብቻውን ተናግሮ አያውቅም። እመት ቆቅ ካልጠየቀችው አይመልስም፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነበር። እመት ቆቅ ደግሞ ዓለሚቱ ነበረች። አሻንጉሊቶቹንም የሰፋቻቸው እርሷ ናት። እኔን ፊደል ለማስቆጠር ከቤተ ክርስቲያን ወደ ጣቢያው ጠሩኝ፤ እርሷ በልብስ ስፌት ክፍል ትሠራ ነበር። ቆቋን ከአሮጌ ካልሲዬ ሠርታ፣ “ካልሲህ ካንተ ይልቅ ቁም ነገር ሆነ” አለችኝ። በዚያው ተጋባን።

እታፈራሁ፦ ነፍሳቸውን ይማር። እመት ቆቅ ከእርሳቸው ጋር ሄደች?

መሪጌታ፦ አብራት ተቀበረች። መጠየቋ ነው የቀረብኝ።

እታፈራሁ፦ አባ ወስፌስ?

መሪጌታ፦ እዚያ ግድግዳው ላይ፣ ማኅደሩ ውስጥ።

እታፈራሁ፦ ማኅደር የዳዊት መያዣ አይደለም እንዴ?

መሪጌታ፦ ዳዊቱ ከእጄ ስለማይወጣ ቤቱ ባዶ ነበረ። ካህናቱ ይህን ሰምተው “የጃርት መሪጌታ” ብለው ስም አወጡልኝ። ይበሉ። እንግዲህ ነግሬሻለሁ፤ በአንድ እጅ አይጨበጨብም።

እታፈራሁ፦ ሁለተኛው እጅ እኔ ልሁን። እኔ እጠይቅዎታለሁ፤ ካሴቱን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ይስሙኝማ፤ “አባ ወስፌ! አባ ወስፌ! ሁሉም ገባ?”

መሪጌታ፦ እግዚኦ! ምን ዓይነት ቆቅ ናት ይህቺ? ቀበሮ የያዛት?

እታፈራሁ፦ ምን አጠፋሁ?

መሪጌታ፦ ያላጠፋሽውን ብትጠይቂኝ ይቀላል። ስትሰሚ ኖረሽ እንዴት ትስቻለሽ? “ሁሉም ገባ?” አትልም። የፕሮግራሙ አዘጋጅ እንዲያ ብሎ ጽፎ ሰጥቷት፣ ዓለሚቱ እንቢ ብላ ተጣልታዋለች። “የገባማ ገብቷል፤ ምኑ ይጠየቃል? እረኛ የሚጠይቀው የቀረውን ነው” አለችው። ጌታችንስ ዘጠና ዘጠኙን በተራራ ትቶ የሄደው ወዴት ነው? እርሷ የምትለው “ማን ቀረ?” ነው።

እታፈራሁ፦ ማን ቀረ።

መሪጌታ፦ ድምፅሽንም አታቅጥኚው።

እታፈራሁ፦ ቆቅ አይደለችም እንዴ?

መሪጌታ፦ በአካልማ ቆቅ ናት። ዓለሚቱ ግን ቀኑን ሙሉ በልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ውላ ነበር ወደ ቀረጻው የምትገባው። በመጀመሪያው ቀን፣ “የወፍ ድምፅ አውጪ” ቢሏት አቅም አጣች፤ በገዛ ድምፅዋ ተናገረች። አዘጋጁ ተቆጣ፤ ልጆቹ ግን ያን ወደዱ። እናንተ የቆቅ ድምፅ የምትሉት፣ ልጄ፣ የደከማት ሴት ድምፅ ነበር።

እታፈራሁ፦ እንግዲያው ማስተማር አይጠበቅብዎትም።

መሪጌታ፦ እንዴት?

እታፈራሁ፦ መስኮቱን ይዩት፤ መሽቷል። በሩ ክፍት ነው። ጎረቤቶቼ መብራታቸውን አብርተው በየመስኮታቸው ያያሉ። ከእንግዲህ የምለምንበት ቃል የለኝም፤ ማልቀሱም ደከመኝ… አባ ወስፌ… ማን ቀረ?

መሪጌታ፦ እንደዚያ ነበር የምትለው። “አባ ወስፌ” ትልና ትንሽ ትተነፍሳለች።

እታፈራሁ፦ አባ ወስፌ። ማን ቀረ?

መሪጌታ፦ እህህ! እሾኼ ቆመ፤ እሾኼ ከቆመ ደጅ ላይ ሰው አለ! ማነው ያ በብርድ የተቀመጠው? አየሁት፣ አየሁት! አስናቀ ነው! ግባ፣ የኔ ጌታ፤ ዝናቡ መጣ። አባ ወስፌ ጠርቶሃል። ግባና በሩን ዝጋ!

እታፈራሁ፦ አስናቀ፣ ሰማኸው?

መሪጌታ፦ አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ይህ ድምፅ አብሯት የተቀበረ መስሎኝ ነበር።

እታፈራሁ፦ ዝም ይበሉ፤ ይስሙ።

መሪጌታ፦ ምንድን ነው እንዲህ የሚንቋቋው?

እታፈራሁ፦ የበሩ መወርወሪያ ነው። ዘጋው። እትዬ ደብሪቱ እልል እያሉ ነው፤ እንዳያስደነግጡት በሹክሹክታ እልል ይላሉ።

መሪጌታ፦ ተመስገን። በይ አሁን ሂጂ፣ ጨለማው ሳይበረታብሽ።

እታፈራሁ፦ ለሚመጣው ቅዳሜስ? አንድ ጊዜ ይድገሙልኝና በስልኬ ልቅረጸው።

መሪጌታ፦ አትቅረጪው። የተቀረጸ እንደሚፋቅም፣ እንደሚበላም አየን።

እታፈራሁ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ቅዳሜ በየሳምንቱ ይመጣል እኮ።

መሪጌታ፦ እኔም በየሳምንቱ አረጃለሁ፣ ልጄ። ዛሬ ስለ እግዚአብሔር ብዬ አደረግሁት፤ ከዚህ ወዲያ ግን አቅሙ የለኝም።

እታፈራሁ፦ እሺ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልነሣ… ቆይ፣ አስናቀ አንድ ነገር እየጠየቀ ነው።

መሪጌታ፦ ምን ይላል?

እታፈራሁ፦ “አባ ወስፌ ራሱስ ገባ? ወይስ እርሱ ቀረ?” ይላል። ምን ልበለው?

መሪጌታ፦ እውነቱን ንገሪው፤ ቀርቷል። ዓለሚቱ ካረፈች ወዲህ “ግባ” ያለው የለም። እስቲ ያን ማኅደር አውርጂልኝ፤ እጄ አይደርስም። ለአስናቀም እንዲህ በዪው፦ የሚመጣው ቅዳሜ በሩን ለእኔ ይክፈትልኝ፤ ቀበና ለጃርት ሩቅ አይደለም። ከገባሁ በኋላ አንቺ ትጠይቂናለሽ፤ እኛ ሁለታችን እንዘጋለን። በፕሮግራሙ መጨረሻ እንላት የነበረችውን ምርቃት ግን እስከ ቅዳሜ ማሳደር ነውር ነው፤ ስልኩን አቅርቢልኝ። ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ ደጃችሁ ለእንግዳ የማይከብድ፣ ለክፉ የማይከፈት ይሁን፤ ጠሪ አያሳጣችሁ፤ ሲመሽ ተቆጥራችሁ ከቤታችሁ አንድም ሰው ውጭ አይቅር፤ አሜን።