የወይዘሮ ኦቲልያ አፍንጫ

ሰኞ ጠዋት ነው። ወይዘሮ ኦቲልያ ክራምስ ወደ ሥራ በሚሄዱበት ትራም ላይ አንዲት ወጣት የቆዳ ቦርሳ ታቅፋ ከጎናቸው ተቀመጠች። ቦርሳው ሲንቃጨል ሰሙና፣ «ብርጭቆ ነው እንዴ የያዝሽው፣ ልጄ?» አሏት።

«አዎ፣ እማማ። የመንግሥት መርማሪ ነኝ፤ ኤድና ሃርግሮቭ እባላለሁ። ወደ እንቁላል ፋብሪካው ነው የምሄደው።»

የወይዘሮ ኦቲልያ ፊት ተለዋወጠ። በዚያ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት እንቁላል ሰብረዋል፤ አሁን የሰባሪዎቹ አለቃ ናቸው። የተሰበረው እንቁላል በቆርቆሮ ተሞልቶ፣ በበረዶ ቤት ረግቶ ለካንሳስ ኬክ ጋጋሪዎች የሚላከው በእርሳቸው አፍንጫ ምስክርነት ነው። ባለፈው ሳምንት ግን በአዲሱ የምግብ ሕግ አርባ ቆርቆሮ ተበላሽቷል ተብሎ ባቡር ጣቢያ ላይ ተያዘ። ሁለተኛ ከተያዘ ፋብሪካው ይዘጋል፤ ሃያ ሴቶችም ከእንጀራቸው ይፈናቀላሉ።

«እኔ እንቁላል ማሽተት የጀመርኩት አንቺ ጡት ሳትጥዪ ነው» አሉ ቆጣ ብለው። «የገማውን እጥላለሁ። ቢያመልጠኝስ? ምድጃ ያነደዋል።»

«ምድጃ ሁሉን ነገር አይፈውስም፣ እማማ። ሻጋታ የያዘው እንቁላል ቀዝቅዞ ሳለ ዝም ይልና ኬኩ ሲጋገር ይሸታል። አንዱ ብቻውን ባልዲውን በሙሉ ያበላሻል። የበላ ልጅ ቢታመም እናቱ ማንን ትጠይቅ?»

«አፍሽስ ስል ነው። አፍንጫሽን እናያለን።»

እንዲህ ያለ ክርክር በቃል ብቻ ቢቀር ማለቂያ የለውም። ፋብሪካው እንደደረሱ ኤድና የሴትዮዋን አፍንጫ ለመፈተን ከቦርሳዋ ስድስት ብርጭቆ አውጥታ በየብርጭቆው እንቁላል ሰብራ ደረደረች፤ በአንዱ ውስጥ የተበላሸ እንቁላል አለ። ወይዘሮ ኦቲልያ ጎንበስ እያሉ አሸተቱና አራተኛው ላይ፣ «ይኼ ነው» አሉ። ልክ ነበሩ። ሰባሪዎቹ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ።

«ወረቀትሽ ላይ ጻፊው፣ የኔ እመቤት።»

«እጽፈዋለሁ። እንዲህ ያለ አፍንጫ አላየሁም። ፈቃድዎ ከሆነ ከሥራ መውጫ ላይ እንድገመው።»

«መቶ ጊዜ ድገሚው።»

ወደ ማምሻው፣ ሁለት ሺህ ያህል እንቁላል ከተሰበረ በኋላ፣ ስድስቱ ብርጭቆ እንደገና ቀረበ። ወይዘሮ ኦቲልያ አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ። «ዛሬ ማታ ምንም አላስገባሽም። ሁሉም ደህና ነው» አሉ። ኤድና ሦስተኛውን አንስታ ገና ከውጭ ለገባችው የፋብሪካው ጸሐፊ ዘረጋችላት። ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው የለም።

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «አርጅቻለሁ ማለት ነው?»

«ኧረ በፍጹም። ጠዋት አግኝተውታል እኮ። ቀኑን ሙሉ ሲያሸት የዋለ አፍንጫ ይደነዝዛል፤ የእኔም ቢሆን። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ወጥታችሁ አየር ውሰዱ። እንቁላሉ መጀመሪያ በትንሽ ኩባያ ይሰበር፤ የተበላሸ ከተገኘ ኩባያውም ቢላዋውም ይለወጥ። ጣትም በሽርጥ አይጠረግ።»

«ሥራው ይጓተታላ።»

«ይጓተታል። ነገር ግን የሚደፋው ኩባያ ይሆናል እንጂ ባልዲ አይሆንም።»

ወይዘሮ ኦቲልያ ተነሥተው ወደ በረዶ ቤቱ ወሰዷት።

«ለእነዚህ ቆርቆሮዎች እመሰክራለሁ፤ ጠዋት የተሞሉ ናቸው። እነዚያን አሥራ አንዱን ግን ከቀትር በኋላ ነው የሞላናቸው። አንቺ አልጠየቅሽኝም፤ ማንም አልጠየቀኝም። ላምባ ይምጣ፣ ማንም እንዳይበላው እኔው ራሴ ላፍስበት።»

ላምባውን እያፈሰሱ ሳለ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ልንገርሽ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለቤቴ የሱቅ ኬክ ገዝቼ አላውቅም።»

«ለምን?»

«እንጃ። ሆዴ ያውቀው ነበር መሰለኝ።»

አዲሱ አሠራር ሲጀመር የፋብሪካው ባለቤት ለአንድ ወር አጉረመረመ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቆርቆሮ አልተያዘም፤ ጋጋሪዎች መርጠው ከዚህ ፋብሪካ ማዘዝ ጀመሩ፤ ሃያዎቹ ሴቶችም ከሥራቸው አልተፈናቀሉም። ኩባያና ትንሽ እረፍት ይህን ሁሉ አስገኙ። ወይዘሮ ኦቲልያም ለገና ከፋብሪካቸው ደንበኛ ሱቅ አንድ ትልቅ ኬክ ገዝተው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ለልጅ ልጆቻቸው በእጃቸው ቆረሱላቸው፤ ለራሳቸውም ሁለት ጊዜ አነሡ።