የዮናስ ሠርግ ያመለጠን ጠዋት

በእኛ ጊዜ፣ ስሚኝ ሰላም ልጄ፣ የለቅሶ ድምፅ ሰምቶ መንገዱን የሚቀጥል እንደ ሰው አይቆጠርም ነበር። ይሁን። ግን ለሁሉም ቦታ አለው አይደል? ባሌ፣ የዮናስ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቦታ የሚባል ነገር አያውቅም። እዚህ ሰው አገር ሴንት ፖል ሆነን እንኳ ማዶ ከተማ ሲዋርድ ሰፈር ሰው ሞተ ከተባለ ሥራውን ካንስል አድርጎ ይሄዳል። "ታውቃቸዋለህ?" እለዋለሁ። "ስደርስ አውቃቸዋለሁ" ይለኛል። ታዲያ ከዚህ ሰው ጋር ምን ትነጋገሪያለሽ።

እና ልጃችን ዮናስ ስፔን ሥራ አግኝቶ እዚያው ሊያገባ ጠራን። የልጅቷ አገር ተራራ ላይ የተንጠለጠለች መንደር ናት፤ ሠላሳ ቤት ቢኖራት ነው፣ ሁሉም ድንጋይ፣ ጣሪያው ሳይቀር ድንጋይ። መኪና ሲያልፍ ሰው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው። ወጣቱ ሁሉ ወደ ከተማ ወርዶ ሽማግሌና ፍየል ቀርቷል። ሠርጉ ታች ወንዙ ዳር ባለችው ከተማ፣ እኛ ያደርነው ላይ መንደሯ ውስጥ።

ታዲያ በሠርጉ ጠዋት የሙሽራዋ ዘመድ ሊያወርደን መኪናውን አስነስቶ ሲጠብቀን የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። አንዴ ጓ፣ ዝም። ደግሞ አንዴ ጓ፣ ዝም። የዮናስ አባት ቆመ።

"ሰው ሞቷል" አለ።

"በምን አወቅህ?"

"ለደስታ እንዲህ አይደወልም።"

"ተው የዮናስ አባት። ያለን አንድ ልጅ ነው፣ እየጠበቀን ነው።"

"አምስት ደቂቃ። በሰው ለቅሶ ደጃፍ አልፌ ልጄን ልዳር?"

በምን ቋንቋ ነው እግዜር ያጽናችሁ የሚላቸው? ደረቱ ላይ የሠርግ አበባ እንደተሰካ ሄደ። ባለመኪናው ሰዓቱን እየነካ ያሳየኛል፣ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ደግሞ ሰዓቱን ይነካል። ቁልቁለቱ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ሌላ መኪና የለም፣ ባስ የለም። አምስት ደቂቃው አለፈና ቀሚሴን ሰብስቤ ከለቅሶ ቤቱ ላወጣው ሄድኩ።

ስገባ ምን አየሁ? ሰው ሁሉ ድምፁን አጥፍቶ ቆሟል፣ የእኔው ሰውዬ "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያለ በአማርኛ ያለቅሳል። የስፔን ሽማግሌዎች አፋቸውን ይዘው ያዩታል፤ አንዱ ወንበር ይሰጠዋል፣ ሌላው ውሃ። እኔ ከበር ሆኜ ጥርሴን ነክሼ "ና ውጣ" እለዋለሁ።

ዮናስ ቀለበት ሲያስር አላየሁም። ስንደርስ ምሳ ተበልቷል። "ጠበቅኳችሁ" ብቻ አለኝ፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወዲያ ሲደውል አባቱን "ሃይ ዳድ" ብሎ ወዲያው "እማዬን አገናኘኝ" ነው። አባቱን እስኪቀብር እንደተቀየመው ነበር። እኔም ለሰው ሁሉ "ልጄን ስድር ባሌ አስቀረኝ" ስል ኖርኩ፣ እሱ እዚያው ተቀምጦ እየሰማ።

"እና ጋሼ ስንት ሰዓት ቆዩ እዚያ ለቅሶ ቤት፣ እትዬ?"

እሱማ ወጣ።

"እንዴ?"

ወጣ። ስጠራው ዓይኑን ጠርጎ ተነሳ፤ አሥር ደቂቃም አልሞላው። የሟቹ ሚስት ናት እንጂ፣ ጥቁር የለበሰች አሮጊት፣ ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። ቋንቋ የለንም፣ ያዘችኝና ተቀመጥኩ። የዮናስ አባት ሁለቴ በር ላይ መጥቶ "እንሂድ እንጂ" አለኝ። ሦስተኛው ላይ ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ። እጇን ማስለቀቅ አቃተኝ ሰላም፤ ሬሳው እስኪወጣ።

እና ያ ሰው አንድ ቀን፣ አልጋ ላይ ወድቆ እንኳ፣ "ኧረ ያስቀረሽን አንቺ ነሽ" አላለም። አያናድድም? ቢናገር ኖሮ እጣላው ነበር፣ ተጣልተንም ያልቅ ነበር።

"ዮናስ ያውቃል?"

ለእሱ ልጽፍ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩት። አንቺን ለምን ጠራሁሽ ታዲያ? እንደተናገርኩት ጽፈሽ ላኪለት፣ እንዳታሳምሪው። አማርኛው ከከበደው ይደውል፤ እኔው አነብለታለሁ።