የሲራጅን ድምፅ ስለመስማቴ የሰጠሁት ቃል

ቃል ሰጪ፦ ወ/ሮ ዓፊያ ሙሀመድኑር
ዕድሜ፦ 71 ዓመት
ሥራ፦ ጡረታ የወጣች መምህርት
አድራሻ፦ ከሚሴ ከተማ፣ ከገበያው በታች ወደ ጨፋ መውረጃ፣ የቤት ቁጥር 214
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እሁድ ሐምሌ 18 ቀን 1991 ዓ.ም.
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡20
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ቶፊቅ ዓብዱ

ስሜ፣ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ እንደተመለከተው ነው። በከሚሴ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ በ1975 ዓ.ም. ጡረታ ወጥቻለሁ። የምኖረው ብቻዬን ነው። ዛሬ ወደ ጣቢያው የመጣሁት ትናንት በቃል በተሰጠኝ ጥሪ መሠረት ነው። ሃምሳ አለቃው በመጀመሪያ የጻፈው መስመር “የጠላትን ወሬ ስታሰራጭ በመገኘቷ” የሚል ስለነበር እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል፤ በስርዙ ላይ ሁለታችንም ፈርመናል። እኔ ወሬ አላሰራጨሁም። የሰማሁትን ለሚመለከታቸው ሰዎች ተናገርኩ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘይና ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። ታላቁ አብዱልጀባር ሁሴን ይባላል፤ ሚስቱ ከሞተችበት ሁለት ዓመት ሆኖታል። ታናሹ ሲራጅ ነው። ሲራጅ በነሐሴ 1990 ዓ.ም. ወደ ግንባር ሲሄድ ባለቤቱን ቶይባንና የሰባት ወር ሴት ልጁን ኢልሃምን እናቱ ቤት ትቶ ሄደ። ባለፈው ሚያዝያ አብሮት የዘመተ አንድ ወታደር ለፈቃድ ሲመጣ፣ ሲራጅ ከውጊያው በፊት በአደራ የሰጠውን የእጅ ሰዓት ለዘይና አስረከበና መጋቢት 7 ቀን ከፊቱ ሲወድቅ ማየቱን ተናገረ። ሲወድቅ አይቷል እንጂ ሲሞት አላየም፤ ሬሳም አላነሳም። ይህን ያን ዕለት ራሴ ጠይቄው የመለሰልኝ ነው። ቤተሰቡ ግን ለቅሶ ተቀመጠ። አስከሬን በሌለበት ሰላት ተሰገደ፣ ሰደቃ ወጣ። ቶይባም ባል የሞተባት ሴት የምትቆየውን የአራት ወር ከአስር ቀን ዒዳ ጠበቀች።

ዒዳዋ የተጠናቀቀው ሐምሌ 15 ቀን ነው። ባል የሞተባትን ሴት የባሏ ወንድም ማግባቱ በአካባቢያችን የቆየ ልማድ ነው፤ ልጅ ከአባቷ ወገን እንዳትርቅ ተብሎ ነው። ልማዱን አልነቅፍም። ባሏ የሞተ ሲሆን ነው ግን። የአብዱልጀባርና የቶይባ ኒካህ፣ የጋብቻው ውል ማለት ነው፣ ለዛሬ እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ተቀጠረ። ቶይባ ፈቅዳ ነበር ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ሐሙስ ዕለት ቤቴ መጥታ “አዮ፣ እሺ አላልኩም። እምቢ ለማለት ግን ምን ይዤ ልቁም?” ብላኛለች። “አዮ” የምትለኝ እናቴ ለማለት ነው።

ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ሰፈሩ ዜና የሚሰማው ከእኔ ቤት ነው። ሬዲዮዬ በአራት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው። ድንጋዩ ሲደክም በበጋ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ በክረምት ከምድጃው ዳር አሞቀዋለሁ። የሁለቱንም ወገን ጣቢያ አዳምጣለሁ፤ የሰማሁትንም ከነቀኑና ከነሰዓቱ በደብተር እመዘግባለሁ። በልጅነቴ ደሴ ያስተማረችን መምህርት ቀን ያልተጻፈበትን ወረቀት ሳታርም ቀድዳ ትመልስ ነበር።

የጠላትን ጣቢያ ለምን እንደማዳምጥ ተጠይቄአለሁ። ከማዶ የሚያስተላልፈው ጣቢያ ዓርብ ከምሽቱ 12፡30 ላይ የምርኮኞችን ድምፅ ያሰማል፤ እሁድ ከቀኑ 6፡30 ላይ ይደግመዋል። የእኛው ሬዲዮ የተማረኩትን ሲጠራ አልሰማሁም፤ ቢጠራ ኖሮ ከእሱ እሰማ ነበር። ስለ ድልና ስለ ሽንፈት የሚያወራውን አልመዘግብም። የምመዘግበው ስም ነው። ማዳመጥን የሚከለክለው የሕግ አንቀጽ እንዲነበብልኝ ጠየቅኩ፤ ሃምሳ አለቃው “ትእዛዝ ነው” ሲል መለሰ። የትእዛዙ ቁጥርና ቀን እንዲጻፍ ጠየቅኩ፤ አልተገኘም። አለመገኘቱ እንዲጻፍ ጠየቅኩ፤ ይኸው ተጽፏል።

ዓርብ ሐምሌ 16 ቀን ከምሽቱ 12፡41 ላይ አንድ ወጣት በኦሮምኛ ስሙ ሲራጅ፣ አባቱ ሁሴን፣ አያቱ የሱፍ፣ አገሩም ከሚሴ፣ ከጨፋው ረግረግ ዳር መሆኑን ተናገረ። ቀጥሎ “አኒ ፈያ” አለ፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ከዚያ ጣቢያውን ለማፈን የሚለቀቀው ጩኸት መጣና ድምፁን ሸፈነው። በደብተሬ ላይ “ከዚህ በኋላ አልተሰማም” ብዬ ጽፌያለሁ። ሲራጅ ያደገው ከአጥሬ ማዶ ነው። ድምፁን ከማንም ድምፅ ለይቼ አውቃለሁ።

ወዲያው ነጠላዬን ደርቤ ወደ ዘይና ቤት ሄድኩ። ለኒካሁ ሽንኩርት እየተከተፈ ነበር። ከደብተሬ አነበብኩላቸው። ዘይና ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ “ዓፊያ፣ ልጄን አንዴ ቀብሬዋለሁ። አውጥተሽ ደግመሽ አታስቀብሪኝ” አለች። በእሷ አልተቆጣሁም። አብዱልጀባር ግን “እትዬ፣ ሰላቱ ተሰግዷል፣ ሰደቃው ተበልቷል፤ እርስዎም በልተዋል። የእርስዎ ሬዲዮ ደግሞ ሰው ከመቃብር ማውጣት ጀመረ?” አለኝ። “መቃብሩን አሳየኝና ዝም እላለሁ” አልኩት። “ሌላስ ምን አለ?” ብሎ ጠየቀኝ። ሌላውን እንዳልሰማሁ ነገርኩት። “ለውሸቱ እንኳ አልደከሙበትም!” ብሎ ሳቀ። እንዲያምነኝ ብዬ ካልሰማሁት አንዲት ቃል አልጨመርኩለትም። ቶይባ ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ ልጇን አዘለች፣ ከእኔ ጋር ወጣች። ከዚያ ምሽት ጀምሮ እኔ ቤት ናት። የደበቃት የለም፤ በሬ ክፍት ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ አስር አለቃ አብዱሰላም ከአብዱልጀባር ጋር መጥቶ ሬዲዮውንና ሦስት ደብተሮቼን ወሰደ። አብዱልጀባር ያመለከተው፣ በጠላት ወሬ ሙሽራ አስኮበለለች ብሎ ነው። አስር አለቃውን ደረሰኝ ጠየቅኩት። “እትዬ፣ እኔን አያምኑኝም?” አለ። “አንተን አምናለሁ፤ ወረቀቱን ግን ጻፍ” አልኩት። ጻፈልኝ። ቀን ረስቶ ስለነበር አስጨመርኩት።

ዛሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ሃምሳ አለቃው እስክሪብቶውን አስቀምጦ እንዲህ አለኝ፤ “እትዬ፣ ‘ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል’ ብለው ይፈርሙልኝ። ሬዲዮዎን ይዘው ይሄዳሉ፣ ሙሽራዋ ትሞሸራለች፣ እኔም ምሳዬን በጊዜው እበላለሁ።” መልሴ እንደተናገርኩት እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል። እኔ ያቺን “ምናልባት” ብፈርምባት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ለሌላ ትዳራለች። ሲራጅ የመጣ ቀን ማነው በሩ ላይ ቆሞ “ምናልባት” የሚለው? እኔ ይህን አልፈርምም። ማሰር ከፈለጋችሁ እሰሩኝ፤ ጋቢዬን ይዤ ነው የመጣሁት። ሬዲዮው ግን በመደርደሪያችሁ ላይ ነው፣ ዛሬም እሁድ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከፍታችሁ ስሙ። ሃምሳ አለቃው “ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የጠላት ሬዲዮ?” አለ። “ኤግዚቢት መመርመር የፖሊስ ሥራ ነው” አልኩት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ከዚያ አስር አለቃውን ጠርቶ አብዱልጀባርን፣ ዘይናንና ቶይባን እንዲያመጣ አዘዘው።

ቃሌ ከቀኑ 6፡15 ላይ ተቋርጦ 7፡25 ላይ ቀጥሏል። በመካከሉ የሆነውም እንዲመዘገብ ጠይቄ የሚከተለው ተመዝግቧል።

ሬዲዮው ወደ ግቢው ወጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሦስተኛው ደብተሬም ተሰጠኝ። ድንጋዮቹ ደክመው ስለነበር አስር አለቃ አብዱሰላም ከእጅ ባትሪው ሁለት አዳዲስ ድንጋይ አውጥቶ አስገባበት። ድምፁ አሁንም ቀጭን ሆነ። በከረጢቴ የያዝኩትን ሽቦ አውጥቼ አንዱን ጫፍ ከሬዲዮው አንቴና፣ ሌላውን ከባንዲራው መስቀያ ብረት ጋር አሰርኩት። አስር አለቃው “እትዬ፣ እሱማ አይነካም!” ብሎ ጮኸ። ባንዲራውን አልነካሁም። የነካሁት ብረቱን ነው። ድምፁም ጠራ።

ከቀኑ 6፡44 ላይ የሲራጅ ድምፅ ተሰማ። ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ አገሩንም ዓርብ እንዳለው አለ። ዓርብ ያልተሰማው ይህ ነው። እግሩ ቆስሎ እንደነበርና እንደዳነ ለእናቱ ተናገረ። ቶይባን “ልጄን ጠብቂልኝ፣ መምጣቴ አይቀርም” አላት። ለወንድሙም “አብዱልጀባር፣ ቦርከና ሳይሞላ ቡሬዋን ላም ከጨፋ አውጣት። ዓምና ጭቃው እንዴት እንደያዛት አትርሳ። ገመዱ ቆጡ ላይ፣ ከማረሻው ጀርባ ነው” አለው። ንግግሩን እኔ በደብተሬ፣ ሃምሳ አለቃውም በራሱ ወረቀት ጽፈነው ሲመሳከር ልዩነት አልተገኘበትም።

አብዱልጀባር ቆሞ ነበር፤ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። “ያን ገመድ ሁለት ሳምንት ፈልጌ አጣሁት” አለ። ከዚያ በኦሮምኛ “ወንድሜ ነው፣ ወንድሜ ነው” እያለ ፊቱን በጉልበቶቹ መካከል ደበቀ። ዘይና ወደ ሬዲዮው ተጠግታ “ልጄ፣ ያበሉሃል?” ብላ ጠየቀችው። መልስ እንደማይሰጣት የነገራት ሰው የለም። ቶይባ አላለቀሰችም። “አያ አብዱልጀባር፣ ደመናው መጥቷል። ሂድና ላሚቱን አውጣት” አለችው። አብዱልጀባር ተነሣ። ወደ እኔ መጥቶ “እትዬ፣ የዓርብ ሳቄን ይመልሱልኝ” አለኝ። ቤቱ ቶሎ እንዲሄድ ነገርኩት። ክሱን ማንሳቱን በጣቱ ፈርሞ፣ ኒካሁ መቅረቱን ለሼኩ ሊነግር ወጣ። በመንገዱም ገመዱን ይዞ እንደሚወርድ ተናግሯል።

አስር አለቃው ሬዲዮውን ሊያጠፋ ሲነሣ ሃምሳ አለቃው “ቆይ፣ ይጨርስ፤ የሌላ ሰው ልጅም ይኖራል” አለው። እስከ 7 ሰዓት ድረስ ሌሎች አራት ምርኮኞች ተሰሙ። ከመካከላቸው አንዱ የሰንበቴ፣ አንዱ የጨፋ ሮቢት ልጅ ነው። ስማቸው በሦስተኛው ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይገኛል። እነዚያም ቤቶች ለቅሶ ተቀምጠው ሊሆን ስለሚችል ጣቢያው ሰው እንዲልክባቸው እጠይቃለሁ። ካልላከ እኔ የነገ ገበያ መኪና ተሳፍሬ እሄዳለሁ።

በመጨረሻም የሚከተለውን አስመዘግባለሁ። ያን ጣቢያ ማዳመጥ ወንጀል ከሆነ ብቻዬን መከሰሴ ትክክል አይደለም። ዛሬ ከ6፡30 እስከ 7 ሰዓት በዚህ ግቢ አብረውኝ ያዳመጡት አንደኛ ሃምሳ አለቃ ቶፊቅ ዓብዱ፣ ሁለተኛ አስር አለቃ አብዱሰላም፣ ሦስተኛ አብዱልጀባር ሁሴን፣ አራተኛ ወ/ሮ ዘይና፣ አምስተኛ ወ/ሮ ቶይባ፣ ስድስተኛ ሕፃን ኢልሃም ሲራጅ፣ ዕድሜዋ አንድ ዓመት ከስድስት ወር፣ በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ናቸው። በመጪው ዓርብ ከምሽቱ 12፡30 ላይም አዳምጣለሁ። የቤቴ አድራሻ ከላይ ተጽፏል።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ ተነቦልኛል። የሰማሁትን ሰማሁ፣ ያልሰማሁትን አልሰማሁም ብያለሁ። በማንኛውም ችሎት ፊት፣ በማንኛውም ቀን፣ ያለ “ምናልባት” እደግመዋለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ዓፊያ ሙሀመድኑር (ፊርማ)
ያለሁበትና የሰማሁት፦ ዘይና (የጣት አሻራ)
ያለሁበትና የሰማሁት፦ ቶይባ (ፊርማ)
ኤግዚቢት፦ አንድ ሬዲዮ፣ ሦስት ደብተርና አንድ ጥቅል ሽቦ ለባለቤቷ ተመልሰዋል። ሁለቱ አዳዲስ የባትሪ ድንጋዮች ከሬዲዮው አልወጡም። አስር አለቃ አብዱሰላም (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ቶፊቅ ዓብዱ (ፊርማ)። ስሜ ከአዳማጮቹ በአንደኛ ተራ የሰፈረው በራሴ እጅና በፈቃዴ ነው።