መሸኛ ከተቃጠለ ቀበሌ

ባለፈው ጥቅምት ከሳጉሬ ገበያ ወደ አሰላ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት የሠፈራችን እድር ሊቀ መንበር ጋሽ እንደሻው ሆነው ተገኙ። ጉልበታቸው ላይ አንድ ፌስታል ነጭ ሽንኩርት አለ። ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ለምን እንደሸሹኝ አውቃለሁና አልተውኳቸውም።

«ጋሽ እንደሻው፣ እንደምን ዋሉ? ነገ ስብሰባ ነው። የሙቢናን ነገር ምን አሰቡበት?»

ሙቢና የትውልድ አካባቢዋ በግጭት ሲታመስ በሽተኛ እናቷን ደግፋ አሰላ የገባች ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእኛ ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። እድራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት ነው። ለመግባት ብትጠይቅ ግን «ከነበርሽበት ቀበሌ መሸኛ አምጪ» ተባለች።

«ደንብ ነው፣ መምህር» አሉ ጋሽ እንደሻው። «መሸኛ የሌለውን ሰው ማን ብዬ ልመዝግበው?»

«ቀበሌው ተቃጥሏል እኮ! መዝገቡም ማኅተሙም የለም። አመዱን በፖስታ አድርጋ ታምጣልዎት?»

«ቀስ በል እንጂ! ሰው ሳያጠፋ አገሩን ለቆ ይወጣል? እሳት በሌለበት ጭስ የለም።»

«እሳቱማ ነበረ፤ ቤቷን የበላው እሱ ነው! ለመሆኑ የወንድምዎ ልጅ ናቲ አውሮፓ ሲገባ መሸኛ ይዞ ነበር?»

«የናቲ ሌላ ነው! እሱ ቸግሮት ነው።»

«እሱ ቸግሮት፣ እሷ ለሽርሽር!» አለ ከፊታችን የተቀመጠ ገበሬ። መኪናው በሳቅ ተናወጠ።

ጋሽ እንደሻው ቀሉ። እኔ ግን ግሎብኛል፤ ቀጠልኩ። «ሱዳናዊም ይሁን ሶሪያዊ፣ ወይም የጎረቤት ወረዳ ሰው፣ ጥይት ሲጮህ አፈፍ የሚያደርገው ልጁን ነው እንጂ ፋይሉን አይደለም። በየደረሰበት በር የሚጠየቀው ግን ፋይሉን ነው!»

«በዓለም ላሉት ስደተኞች ሁሉ እኔን ተጠያቂ አደረግኸኝ?»

«ለአንዷ ብቻ፣ ጋሼ።»

አሰላ መግቢያ ላይ ፍተሻ ነበር። ወርደን ተሰለፍን፤ መታወቂያ አወጣን። ጋሽ እንደሻው የኮታቸውን ኪስ ዳበሱ፤ የሱሪያቸውን ዳበሱ፤ የሽንኩርቱን ፌስታል ሳይቀር በረበሩ። የለም።

«ሌላኛው ኮቴ ውስጥ ቀርቷል፣ ልጄ። እንደሻው እባላለሁ። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ሸበትኩ፤ የማያውቀኝ የለም!»

«እኔ አላውቅዎትም፣ አባት» አለ ፖሊሱ። «እዚህ ከተመደብኩ ሳምንቴ ነው። ወይ ወረቀት፣ ወይ ዋስ የሚሆን ሰው፤ ካልሆነ እዚያ ጥግ ይቁሙ።»

እኔ ዝም አልኩ። ትንሽ ይቅመሱት ብዬ ነው፤ አልዋሽም። ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሰው ፌስታላቸውን አቅፈው ወደ ጥግ ሄዱ።

ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት ሴት ወጣች። ሙቢና ነበረች! ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የተባባልነውን ሁሉ ሰምታለች፤ ሁለታችንም ግን አላየናትም።

«እኔ አውቃቸዋለሁ» አለች ለተፈናቃይ የሚሰጠውን ጊዜያዊ መታወቂያዋን ለፖሊሱ እየሰጠች። «የእድር ሊቀ መንበር ናቸው። ወላሂ ደግ ሰው ናቸው፤ ደንብ ያጠብቃሉ እንጂ። ችግር ከመጣ እኔን ያዙኝ።»

ፖሊሱ ስሟን መዝግቦ አሳለፋቸው። ያ ሁሉ ቁጣዬ ወደ እፍረት ተለወጠ፤ በአንደበቴ የተከራከርኩላት ሴት በሥራ በለጠችኝ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ጋሽ እንደሻው ከኋላ፣ ከእሷ ጎን ተቀመጡ።

«ያንን ሁሉ ሰምተሽ ለምን ዋስ ሆንሽኝ፣ ልጄ?»

«አባባ፣ ማን ነህ ተብሎ መልስ ማጣትን እኔ አውቀዋለሁ። የምፈራው ለራሴ አይደለም። እናቴ ሰው ሳይቆምላት ብትቀበርስ? ሌሊት የሚያባንነኝ ይኸው ብቻ ነው።»



በማግስቱ ስብሰባው ገና ሳይከፈት ጋሽ እንደሻው ተነሡ። «ወገኖቼ! ትናንት ለሩብ ሰዓት ያህል ማንም አልነበርኩም። አልወደድኩትም! ከዛሬ ጀምሮ ተፈናቅሎ ለመጣ ሰው መሸኛው የሁለት ጎረቤት ምስክርነት ይሁን። ለሙቢና አንዱ እኔ ነኝ።»

«ሁለተኛው እኔ!» ብዬ ጮህኩ። እጆች ወጡ። ነገር ሁሉ የማይጥመው አቶ ከዲሮ እንኳ ሁለቱንም እጁን አወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ተፈናቃይ ቤተሰቦች ገብተዋል። ከመካከላቸው አንዱ ግንበኛ ነው፤ የፈረሰውን የእቃ ቤታችንን ግድግዳ አቆመልን። ለሦስት ዓመት ዝናብ ሲያስገባ የኖረውን ድንኳናችንንም ሙቢና በሁለት ቀን ሰፋችው። ሸክም ይሆኑብናል ብለን የፈራናቸው ሰዎች የእኛኑ ሸክም አቀለሉልን። እናንተም የእድራችሁን ደንብ ዛሬውኑ አውጥታችሁ አንብቡት! ከእሳት ያመለጠን ሰው ከእሳቱ ወረቀት አምጣ የሚል መስመር ካለበት ሰርዙት።

የሙቢና እናት መመዝገባቸውን የሰሙ ቀን «እንግዲህ ሳልሰጋ እሞታለሁ» ብለው ነበር። ይኸው አራት ወር አለፈ፤ ዛሬ በምርኩዝ ደጅ ይወጣሉ። ባለፈው ጋሽ እንደሻው ሊጠይቋቸው ገብተው «እትዬ፣ ድንኳኑ ተሰፍቶ እየጠበቀዎት ነው» ብለው ቢቀልዱባቸው፣ አሮጊቷ ቀና አሉና እንዲህ አሏቸው፦

«እርስዎ ይቅደሙ፤ መሸኛዎን እኛ እንጽፍልዎታለን።»