የአስራ አራት ወሩ እንጨት

ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ እየሰማ ሁለቱም እውነት የሚናገሩ የመሰለው ሰው ምን ያህል ልቡ እንደሚዋልል፣ የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ በኮርደን ክሪክ ትምህርት ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ነገሥታት ብትጠይቁኝ አላፍርም፤ ስለ ማገዶ ግን የማውቀው ምድጃ ውስጥ መክተቱን ብቻ ነበር። የሆነው ነገር የተጀመረው በገዛ ግቢዬ ነው።

በእኛ በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ ደጋ ሚያዝያ ሲገባ ብርዱ በር ያንኳኳል። አንድ ጠዋት ታምዚን ኦክሌይ የጭስ ማውጫዬን ልትጠርግ ጣሪያ ላይ ወጥታ ነበር። በልጅነቷ ያስተማርኳት፣ ኋላም ኮሌጅ ገብታ የደን ትምህርት ተምራ የተመለሰች የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። እሷ ከላይ ሳለች ቨርን ቲሊያርድ እንጨት የጫነች አሮጌ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ገባ። ቨርን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የመንደራችንን ምድጃዎች ሁሉ የሚቀልበው እሱ ነው። ሁለቱ እንዲገናኙ ማንም አልቀጠራቸውም።

ታምዚን ወርዳ ባልዲ እግሬ ሥር አስቀመጠች። ውስጡ እንደ ተሰበረ ጥቁር ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ነገር ሞልቷል።

«መምህር፣ ይሄ ተራ ጥቀርሻ አይደለም፤ ቅጥራን ነው። የእርጥብ እንጨት ጭስ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ሲጣበቅ እንዲህ ይሆናል። አንድ ቀን እሳት ከነካው የሚነደው ራሱ ቱቦው ነው።»

ቨርን የመኪናውን በር ድርግም አደረገው። «እርጥብ ያልሽው የማንን እንጨት ነው?»

«የማን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር» አለች እጇን በሱሪዋ እየጠረገች። «አሁን ግን ሳላውቅ አልቀረሁም፣ ሚስተር ቲሊያርድ።»

«ስሚ ልጄ፣ እኔ እንጨት መሸጥ ስጀምር እናትሽ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም። አርባ አንድ ዓመት!»

«ዕድሜዎን አከብራለሁ። እሳቱ ግን ዕድሜ አይጠይቅም።»

«ይኼ የተቆረጠው የዛሬ አስራ አራት ወር ነው። አንዲት ጠብታ ዝናብ አልነካችውም። በላስቲክ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥሁት፤ ሕፃን እንኳ እንዲህ አይታቀፍም። የፈለጥሁት ገና ትናንት ነው። ደግሞስ ትንሽ ቢረጥብስ? እሳት ካየው ምን ለየው! ከደረቁ ጋር እርጥቡም ይነዳል።»

«ይነዳል እንጂ። ግን መምህር የሚገዙት ሙቀት ነው። ምድጃው እንጨቱን ከማንደዱ በፊት ውስጡ ያለውን ውሃ አፍልቶ መጨረስ አለበት።»

«ሻይም አብሬ እሸጥለታለሁ በያ!» ብሎ ቨርን ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ።

ታምዚን ከኪሷ ሁለት መርፌ ያላት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አወጣች። «የማገዶ እርጥበት ከመቶ ሃያ በታች ሲሆን ነው ደረቅ የሚባለው። ይለኩ።» ቨርን ከጭነቱ አንድ ወፍራም ፍልጥ መርጦ መርፌዎቹን ጫፉ ላይ ተከለ። አስራ ሰባት አለ።

«ይኸው!» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ አየህ? በገዛ መሣሪያዋ!»

እኔም በልቤ፣ ነገሩ አለቀ፣ ልጅቷ ተሳስታለች አልሁ። እሷ ግን ፋሴን አንሥታ ያንኑ ፍልጥ መሐሉን ለሁለት ከፈለችውና መርፌዎቹን አዲሱ ገጽ ላይ ተከለች። ሠላሳ ስምንት።

ቨርን ቁጥሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ ቁጥሩን አየ። «መሣሪያሽ አብዷል» አለና እንጨቱን ማራገፍ ጀመረ።

አንባቢ ሆይ፣ የኔን ጭንቀት ተመልከት። አንዱ እንጨት አስራ ሰባትም ሠላሳ ስምንትም ነው። ሰውየው ዋሽቶኝ አያውቅም፤ አስራ አራት ወር ካለ አስራ አራት ወር ነው። ልጅቷም መዋሸት አታውቅም። ታዲያ ማንን ልመን? ለማንም ሳልፈርድ፣ ይሉኝታ ይዞኝ እንጨቱን ተቀበልሁ። ታምዚን ስትሄድ «የወደዱትን ያድርጉ መምህር፤ ብቻ በየወሩ ይጥሩኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ምድጃዬን በጥርጣሬ ዐይን ማየት ያዝሁ። እንጨቱ ሲነድ ይንሾካሾካል፤ ጫፉ ላይ አረፋ ይደፍቃል። በብረት ምድጃው በር ላይ ያለው መስተዋት በአንድ ምሽት ይጠቁራል። ወትሮም እንዲህ ነበር ወይስ አሁን ነው ያስተዋልሁት? ማስታወስ አቃተኝ።

ሰኔ ሲጋመስ፣ አንድ እሑድ በምሳ ሰዓት የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹ ደወል ጮኸ። ወደ ጭሱ ስንሮጥ ቤቱ የኤስሜ ሆኖ አገኘነው። ኤስሜ የቨርን ታላቅ እህት ናት፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ደረቷም ደካማ ነው። ባልም ልጅም የላትም፤ ያላት ቨርን ነው። ከጭስ ማውጫዋ እንደ ባቡር የሚያጓራ ድምፅ ይወጣል፤ ከአናቱ ነበልባል ይተፋል። ጎረቤቶች አሮጊቷን ደግፈው አውጥተዋት ብርድ ልብስ ለብሳ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች፤ ሳሏ አላቆመም። እሳቱ ጠፋ። ከምድጃው በላይ ያለው ጣሪያ ግን ከስሎ ቀረ።

ቨርን መጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ከቱቦው የወደቀ ጥቁር ቁራጭ በአካፋ ይዞ «ቅጥራን ነው፤ ቱቦውን ሞልቶታል» አለው።

«አይሆንም» አለ ቨርን። «ለእሷ ከሁሉ የቆየውን መርጬ ነው የምሰጣት። ከሁሉ የቆየውን!» ደጋግሞ ይህንኑ አለ። ኤስሜ ግን እጁን ይዛ «ተወው አንተ፣ ቤት ነው የተቃጠለው፣ እኔ እዚህ አለሁ» ትለዋለች። እንዲያ ግራ የተጋባ ፊት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ደጄ ቆሞ አገኘሁት። ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙረዋል።

«መምህር፣ ያቺን ልጅ ጥራልኝ። እኔ ብጠራት የምትመጣ አይመስለኝም።»

መጣች። ሦስታችን ወደ እንጨት ግቢው ሄድን። የባሕር ዛፍ ጉማጆቹ እንደ ድቡልቡላቸው ተከምረው፣ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነው፣ በገመድ ታስረዋል። ታምዚን ገመዱን ፈትታ ላስቲኩን ስትገልጠው የውስጥ ገጹ በውሃ ጤዛ ተሞልቶ ነበር፤ ጠብታው እጅጌዋ ውስጥ ገባ። ሽታው የሻገተ ጓዳ ይመስላል።

«ይህ ውሃ ከየት መጣ?» አለ ቨርን። «ቀዳዳ የለውም። እኔ ራሴ ነኝ ያሰርሁት።»

«ከእንጨቱ ነው የወጣው፣ ሚስተር ቲሊያርድ። ወጥቶ መሄጃ ስላጣ ተመልሶ ይገባል። ልብስ ሲያጥቡ ፌስታል ውስጥ ቋጥረው ያስቀምጡታል?»

«ልብስና እንጨት ምን አገናኘው? ሣሩ ላይ ብተወው ዝናብ አያበሰብሰውም?»

«ከላይ ብቻ ይሸፍኑት፤ ጎኑን ለነፋስ ይተዉት። የሚያደርቀው ነፋስ ነው እንጂ ላስቲክ አይደለም። ከሥሩም ርብራብ ይግባበት፣ የመሬቱ እርጥበት እንዳያገኘው።»

«እሺ፤ ጫፉ ደርቆ መሐሉ የረጠበውስ?»

«ሳይፈልጡ ስላቆዩት ነው። ቅርፊቱ ለዛፉ ልብሱ ነው፤ ውሃውን አይለቅም። በሁለቱ ጫፍ ብቻ ትንሽ ይተነፍሳል። አስራ አራት ወር ማቆየትዎ እውነት ነው፤ ግን ያቆዩት ዘግተው ነው። በተቆረጠ ሰሞን ፈልጠው አየር ቢያስገቡበት ኖሮ ከዚህ ባነሰ ጊዜ ይደርቅ ነበር።»

ቨርን አንዱ ጉማጅ ላይ ተቀመጠ። ለራሱ የሚናገር ይመስል «አርባ አንድ ዓመት» አለ። «እንዲሁ ነበር የማደርገው። ማንም አንድ ቀን አልወቀሰኝም። ታዲያ ያኔ ለምን ይነድ ነበር? ይህን መልሺልኝ፤ ይህን ካልመለስሽ ሌላው አይገባኝም።»

ታምዚን የአንዱን ጉማጅ ቅርፊት በእጇ ዳሰሰች። እሷም ግራ እንደገባት አየሁ። መጽሐፏ ይህን አላስተማራትም። በመጨረሻ ዝቅ ብላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና «ያኔ ምን ዓይነት ዛፍ ነበር የሚቆርጡት?» አለችው።

«ደርቆ የቆመውን ነዋ። በየሰው የግጦሽ መሬት ላይ ቆሞ የሞተ ሞልቶ ነበር። ዛሬ ማን ያስነካል? ወፎች ጎድጓዳው ውስጥ ይፈለፍላሉ ብለው ባለ መሬቶቹ ከከለከሉኝ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አሁን የምቆርጠው ዛፉ እየተመረጠ ከሚሳሳው ደን ነው፤ ሕይወት ያለውን።»

ይህን ብሎ ጎንበስ አለና የተቀመጠበትን ጉማጅ አየ።

ታምዚን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያኔማ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ፀሐይና ነፋስ በቁሙ ሃያ ዓመት አድርቀውልዎታል» አለችው። «ላስቲኩም አልጎዳ፣ ሳይፈለጥ መቆየቱም አልጎዳ። እርስዎ አልተለወጡም፤ ዛፉ ነው የተለወጠው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ከሚያዝያ ጀምሮ የተወጠረው ልቤ የላላው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም እውነት ይናገሩ ነበር። ሰውየው የያዘው ልማድ ትናንት ትክክል የነበረ ልማድ ነው፤ ምክንያቱ ሄዶ ልማዱ ብቻ እንደቀረ የነገረው ሰው አልነበረም። እኛም የተማርነው ብንሆን መስተዋታችን ሲጠቁር ዝም ብለን ከመጥረግ በቀር አልጠየቅንም።

ቨርን ግን ገና አልጨረሰም። «ገባኝ እንበል። ክረምቱ ግን እዚህ ነው። ደረቅ የለኝም። ምን ልሽጥ? ምን ልብላ? ወይስ እንደ ኤስሜ ሁሉንም ላቃጥላቸው?»

«ለዘንድሮ አይሽጡ» አለች። «ለከርሞ ይሽጡ። ዛሬ ፈልጠው ረከስ አድርገው ይስጡ፤ ገዢው በራሱ ግቢ ይደርድረው። እሱ ርካሽ ያገኛል፣ እርስዎም ገቢ አያጡም፤ የማቆያ ቦታም አያስፈልግዎትም።»

«ገዢዎቼን እርጥብ ነበር የሸጥሁላችሁ ልበላቸው?»

«ይህን እርስዎ ይወስኑ።»

ከባዱ ነገር ይህ ነበር። አርባ አንድ ዓመት ቃሉ የታመነ ሰው በየደጁ ዞሮ «ተሳስቻለሁ» ማለት ሞት ይመስለዋል። ቨርን ግን ዞረ። እኔም አብሬው ዞርሁ፤ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው። በየቤቱ ባርኔጣውን አውልቆ «የሰጠኋችሁ እንጨት እርጥብ ነው፤ አታንድዱት፤ ጭስ ማውጫችሁን አስጠርጉ» ይላል። አንዲት ሴት በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችበት። አንዱ ደግሞ «ቨርን፣ ሁለት ዓመት ሚስቴን እሳት ማንደድ አታውቂም እያልሁ ስጣላት ነበር እኮ!» አለና ሚስቱን ሊጠራ ወደ ውስጥ ሮጠ። ሌሎቹ ዝም ብለው ሰሙት፤ ጥቂቶቹም እጁን ጨበጡት።

ያን ክረምት ብዙዎቻችን ደረቅ እንጨት ከሩቅ እያስመጣን አሳለፍን። የቨርን ግቢ ግን በሰኔና በሐምሌ ብርድ የፋስ ድምፅ አላጣም። ላስቲኩ ተቀደደ፤ ለክምሩ አናት ብቻ ሆነ። ፍልጡ ነፋስ በሚመጣበት በኩል በረድፍ በረድፍ ቆመ። በበጋው ስንጎበኘው ቨርን ሁለት ፍልጥ አንሥቶ አጋጫቸው፤ ኳ! ብለው ጮኹ። «እርጥብ ሲሆን ድብ ነው የሚለው» አለኝ፣ እኔ ያላወቅሁትን ለማስተማር ደስ ብሎት።

የመጣውን ለውጥ ልንገራችሁ። በዓመቱ በቤቴ የነደደው እንጨት ከቀድሞው ሢሶው ያህል ቀነሰ፤ ቤቱ ግን የበለጠ ሞቀ። የታምዚን ባልዲ ደቃቅ ጥቀርሻ ብቻ ይዞ መውረድ ጀመረ። በብርድ ጠዋት በሸለቆው ላይ የሚተኛው ጭስ ሳሳ። የኤስሜ ጣሪያ ታደሰ፤ ሳሏ ጨርሶ ባይለቃትም ክረምቱን ሆስፒታል ሳትገባ ከረመች። ቨርንም ለከርሞ የሚሆነውን እንጨት በዓመቱ አጋማሽ ጨርሶ የሚሸጥ ሰው ሆነ። ወገኖቼ፣ የአባቶቻችሁን ሥራ አትናቁ፤ ግን ለምን እንዲያ ይሠሩ እንደነበር ጠይቁ። ምክንያቱ ካለ ያዙት፤ ምክንያቱ ከሄደ ልማዱንም አብራችሁ ሸኙት።

በአንድ የግንቦት መጨረሻ ላይ ቨርን ግቢ ተቀምጬ ሳለሁ ከዋና ከተማችን ከሆባርት የመጣ አንድ ባለ ጥሩ መኪና ለዕረፍት ቤቱ እንጨት ፈለገ። የደረቀው ሁሉ ተሽጦ አልቋል። ሰውየው በዚያው ሳምንት የተፈለጠውን ክምር አይቶ «ይኼን ስጠኝ፤ እጥፍ እከፍላለሁ፤ ዛሬ ማታ እንግዳ አለብኝ» አለ።

ቨርን አንድ ፍልጥ አንሥቶ አስታቀፈው። «ከብዷል አይደል? ውሃ ነው። ውሃ በእጥፍ አልሸጥም። ለሚመጣው ዓመት ከሆነ አሁኑኑ ልጫንልህ።»

«ዛሬ ማታስ ምን ልሁን?»

«ለዛሬ ማታ» አለ ቨርን፣ ፋሱን አንሥቶ ወደ ሥራው እየዞረ፣ «ለእንግዳህ ሹራብ አውሰው።»